ሚዛኑን ትቼ ወጣሁ፤ ነገ ጠዋትስ?

የሂርማታ ልጅ
ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 4፡10

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቤት አንባቢ ነኝ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ባለቤቴና ልጄ ተኝተዋል። ውጭ ያካፋል። ጅማን የምታውቋት ታውቃላችሁ፤ ኅዳር ገባ ብላ ዝናብ አትተውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት የቡና ወቅት ቀይ እሸት በሚረከብ ሳይት ሚዛን ላይ ሠርቻለሁ። ከከተማ ወጣ ብሎ ነው፤ የማን እንደሆነ አልናገርም። ገበሬው ቡናውን ባስኩላው ላይ ያስቀምጣል፤ እኔ አነባለሁ፤ ጸሐፊው ይመዘግባል፤ ገንዘብ ያዡ ይከፍላል። በቃ ይኸው ነው ሥራው።

ዘንድሮ ወቅቱ እንደተከፈተ ተጠራሁና «ለጆንያ ሁለት ሁለት ኪሎ ቀንስ» ተባልኩ። ባዶ ጆንያ ሁለት ኪሎ አይመዝንም። የማዳበሪያ ከረጢትማ ጭራሽ ምንም አይደለም። አለቃዬም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ገበሬውም የሚያውቅ ይመስለኛል። ግን ሁለት ሰዓት ተሸክሞ የመጣውን ቡና ተሸክሞ አይመለስም። ቀይ እሸት አያሳድርም። ተከምሮ ካደረ ይሞቃል፣ ይበላሻል።

እውነቱን ልናገር። አሥራ ሁለት ቀን ቀነስኩ። እየጸለይኩ ነው የቀነስኩት። ጠዋት «ጌታ ሆይ ቀኔን ባርክ» ብዬ እወጣለሁ፤ ሳይት ስደርስ ሁለት ኪሎ እያጎደልኩ እጠራለሁ። በየሳምንቱ ከደሞዜ ላይ «ለሻይ» እየተባለ የሚጨመርልኝ ነበር። እሱንም ተቀበልኩ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን አንዲት እናት መጡ። ቡናቸው በጆንያ እንኳ አልነበረም፤ በቅርጫት ነው፣ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ። ጣቶቻቸው ከለቀማ ብዛት ጠቁረዋል፣ እስከ ጥፍራቸው ሥር። ባስኩላው ሰባት ኪሎ ከሩብ አለ። እሳቸው ባስኩላውን አላዩም፤ እኔን ነው ያዩት። «ስንት ሆነ ልጄ?» አሉ በኦሮምኛ። ጸሐፊው እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቃል። «አምስት» ምላሴ ላይ ደርሷል። ጆንያ በሌለበት የምን የጆንያ ቅናሽ ነው? «ሰባት ከሩብ» አልኩ። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ በኋላ የመጡትንም ሁሉ እንዳለ ጠራሁ።

ማታ አለቃዬ «ነገ እንደ ሰው የምትሠራ ከሆነ ና፤ ካልሆነ እዚያው ቅር» አለኝ። ቀረሁ።

ይኸው ዘጠኝ ቀኔ። ኪራይ ሊደርስ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። በየጠዋቱ ቴሌግራም ላይ የዕለቱ ቃል ይላክልኛል። የዛሬው «ዛሬ በር ይከፈትልሃል» ይላል። የትናንቱም እንደዚያው ነበር። እስካሁን በሬን ያንኳኳው ወተት የሚያመላልሰው ልጅ ነው፣ ሂሳብ ሊጠይቅ።

ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። እግዚአብሔርን አምናለሁ ስትሉ፣ ጠዋት ከአልጋ ወርዳችሁ የምታደርጉት ምንድን ነው? ስሜቱን አይደለም የምጠይቀው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ያ የቀነስኩት ኪሎ ምን ይሁን?

ድል ነሺ
ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 4፡25

አሜን ወንድሜ!!! ጠላት አፍሯል! እግዚአብሔር የቀረብህን በእጥፍ ይመልሳል። አንተ ራስህ የሳይት ባለቤት ትሆናለህ፤ ያ አለቃህ ሥራ ሊለምንህ ይመጣል! ኤርምያስ 29፡11ን ያዝ፤ «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» ይላል። አሜን ብላችሁ ተቀበሉ!

የሌሊት ተረኛ
ኅዳር 17፣ ከሌሊቱ 8፡40

ነርስ ነኝ፤ ተራዬ ሆኖ ነው በዚህ ሰዓት የምጽፈው። እኔ የምልህ አጭር ነው። ተኛ። ብላ።

አትሳቅ። ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ነፍሴን ውሰድ» ሲል እግዚአብሔር ስብከት አልላከለትም። ተኛ። መልአኩ ቀሰቀሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። በላ፣ ጠጣ፣ ደግሞ ተኛ። ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው። 1ኛ ነገሥት 19 ነው፤ ራስህ እየው። ከእግዚአብሔር ጋር የተነጋገረው ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ኮሬብ ደርሶ ነው። በሌሊት አሥር ሰዓት የሚሰማህን ነገር እውነት ነው ብለህ አትፈርም። በሥራዬ ብዙ አይቻለሁ። የነጋ ዕለት ያው ችግር ሌላ መልክ አለው።

መምህር በጡረታ
ኅዳር 18፣ ከጠዋቱ 1፡15

የሂርማታ ልጅ፣ እንደምን አደርክ።

ድል ነሺ ቅር እንዳይለው እንጂ ያቺን ጥቅስ ከአንድ ቁጥር በፊት ጀምሮ ማንበብ ይሻላል። ደብዳቤው ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች የተጻፈ ነው። 29፡10 ላይ «ሰባ ዓመት» ይላል። ተስፋው እውነት ነው፤ ግን ከሰሙት ሰዎች ብዙዎቹ እዚያው ሞተዋል። 29፡5 ላይ ምን እንዲያደርጉ ታዘዙ? ቤት ሥሩ፣ ተክል ትከሉ፣ ፍሬውን ብሉ። የጠየቅከው «ጠዋት ምን ላድርግ» ነውና መልሱ እዚያ ያለ ይመስለኛል። የጅማ ሰው ደግሞ ቡና ተክሎ ሦስት አራት ዓመት መጠበቅ ምን እንደሆነ ማንም አይነግረውም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ፈገግ ካሰኘህ። ምሳሌ 11፡1 «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» ይላል። ልጅ ሆኜ የዓባይ ወንዝ ሚዛን አለው እንዴ እያልኩ ግራ ይገባኝ ነበር። ጎጃም ላሉት አክስቴ ደብዳቤ ልጽፍ ሁሉ አስቤ ነበር። ውሸታም ማለት መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አንተ ባስኩላው ፊት ቆመህ አወቅኸው። የእኔ ሳይሻል አይቀርም።

ቆቅ
ኅዳር 18፣ ከጠዋቱ 3፡30

ሁላችሁም እያጨበጨባችሁለት ስለሆነ እኔ ደግሞ እንደ ስሜ ልሁን።

ወንድም፣ ለምን ወጣህ? አሁን በአንተ ቦታ ሌላ ልጅ ቆሟል። እሱ ሁለት ሳይሆን ሦስት ኪሎ እየቀነሰ ይሆናል። አንተ ንጹሕ ሆነህ ቤትህ ተቀምጠሃል፣ ገበሬው እዚያው ነው። ቀራጮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው «ምን እናድርግ» ሲሉት «ሥራችሁን ልቀቁ» አላላቸውም። «ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ» ነው ያላቸው። ሉቃስ 3። እዚያው ቆመህ በትክክል መመዘን ነበረብህ፤ ካባረሩህ ያባርሩህ። በራስህ መቅረትና መባረር አንድ አይደሉም።

የሂርማታ ልጅ
ኅዳር 18፣ ቀን 7፡00

ቆቅ፣ ከጠዋት ጀምሮ ስልኬን ይዤ መልስ ስፈልግልህ ነበር። አጣሁ።

ልክ ነህ። «በትክክል ልመዝን፣ ደሞዜን ቀንስ» ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። አልጠየቅሁም። በማግስቱ የቀረሁት ጀግና ሆኜ አይደለም። ሄጄ ደግሞ እንዳልቀንስ ራሴን ፈርቼ ነው። አንድ ቀን እውነት ተናገርኩ፤ ሁለተኛውን ቀን የምችል አልመሰለኝም።

ቆቅ
ኅዳር 18፣ ቀን 7፡12

እሱማ ሌላ ነገር ነው። ራሱን የሚፈራ ሰው ከቦታው ቢሸሽ አልፈርድበትም። ዮሴፍም ልብሱን ጥሎ ነው የሮጠው። አነጋገሬ ከብዶ ከሆነ ይቅርታ።

እትዬ ምጣድ
ኅዳር 18፣ ከምሽቱ 2፡30

ልጄ፣ ይህን የምትጽፍልኝ ልጄ ናት፤ እኔ እየነገርኳት ነው።

እንጀራ ጋጋሪ ነኝ፣ አወይቱ ወንዝ አጠገብ። ሃያ ዓመት አለፈኝ። ጠዋት ምን ታደርጋላችሁ ብለሃል። እኔ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እነሳለሁ። አማትባለሁ። አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ፣ ምጣዱን እያሰስኩ። ቁጭ ብዬ የምጸልይበት ጊዜ የለኝም፤ እሳቱ ይጠፋል። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» የሚለው ላይ ስደርስ የመጀመሪያውን እንጀራ አሰፋለሁ። ሆን ብዬ አይደለም፤ እንዲያው ለምዶብኝ ነው። ዓይን ሲያወጣ አያለሁ፣ እከድነዋለሁ። በቃ ያ ነው የእኔ የጠዋት ማመን።

አሁን የሚከብደውን ልንገርህ። ጤፍ በተወደደ ቁጥር ያው ፈተና ይመጣል። እንጀራውን ሳሳ ላድርገው? ጠርዙን ጠበብ ላድርገው? ሩዝ ልቀላቅልና ንጹሕ ጤፍ ነው ልበል? ጎረቤቶቼ «ማን ያውቃል» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ማንም አያውቅም። አንድ ሰሞን እኔም አሳስቼ ነበር። ከዚያ አንድ ተማሪ፣ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው፣ ሁሌ ሁለት የሚወስድ፣ ሦስት ስጪኝ አለኝ። «ዛሬ እንግዳ አለብህ?» ስለው «አይ እትዬ፣ ሁለቱ አላጠግብ አለኝ» አለ። አጉል አፈርኩ። የልጁን ኪስ ነው የቀደድኩት። ከዚያ ወዲህ ሲወደድ ዋጋ እጨምራለሁ፣ እንጀራዬን ግን አላሳሳም። ደንበኛ ይሄድብኛል። ሄደው የቀሩም አሉ። በለጸግሁ ብዬ አልዋሽህም። ቤቴ ዛሬም የኪራይ ቤት ነው።

ለነገ የሚበቃኝን ነው የማቦካው። ብዙ አቡክቼ ባሳድር ይሆመጥጥብኛል። መናው እንዲሁ አልነበር? ለአንድ ሰው አንድ ጎሞር። አስተርፎ ያሳደረው ተልቶ ሸተተ። ቄሱ ሲሰብኩ ይህንን ስሰማ ሊጤ ትዝ ብሎኝ ሳቄ መጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ።

ሌላ ደግሞ። ሁለት ጥያቄ ጠየቅህ፣ ስለ እንጀራህና ስለ በደልህ። አባታችን ሆይ ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው እኮ። «የዕለት እንጀራችንን» ይልና ወዲያው «በደላችንን ይቅር በለን» ይላል። አንዱን ብቻ ለምኖ መነሳት የለም።

እኔ ጋ መጥተህ በየቀኑ አምስት እንጀራ ውሰድ። የሥራህን እስክታገኝ። በውስጥ መስመር ጻፍላት፣ ቤቱን ትነግርሃለች። ቀጭን አይደለም።

ዳዊት ደጋሚ
ኅዳር 18፣ ከምሽቱ 3፡05

እትዬ ምጣድ እግዜር ይስጥልን።

እኔ በየቀኑ ዳዊት እደግማለሁ። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ እንዲህ እያልኩ ቅዳሜ 150 ላይ እደርሳለሁ። የዚህ ጥቅሙ ምን መሰላችሁ? ደስ የሚለኝን አልመርጥም። ተራው የደረሰውን ነው የምደግመው። አንዳንድ ቀን ደስ ብሎኝ ሳለ «አምላኬ ለምን ተውኸኝ» ይደርሰኛል። አንዳንዴ አዝኜ ሳለ ምስጋና ይደርሰኛል። የቴሌግራሙ ቃል ያሰለቸህ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ዜማ ስለሆነ ይመስለኛል። ዳዊት ያለቅሳል፣ ይከሳል፣ ይጮሃል። «እስከ መቼ» ይላል።

የማክሰኞው ላይ፣ መዝሙር 36፣ «ጎለመስሁ አረጀሁም፤ ጻድቅ ሲጣል ዘሩም እህል ሲለምን አላየሁም» የሚል አለልህ። ያዘው።

ድል ነሺ
ኅዳር 18፣ ከምሽቱ 3፡11

እሱ መዝሙር 37 ነው፣ ቁጥር 25።

ዳዊት ደጋሚ
ኅዳር 18፣ ከምሽቱ 3፡14

በእኛ ዳዊት 36 ነው። አቆጣጠሩ ዘጠኝና አሥር ላይ ይለያያል። ሁለታችንም ልክ ነን፤ ለዛሬ በዚህ እንታረቅ። ደግሞ ጾመ ነቢያት ነው፣ ክርክር አይወድልኝም።

ቆቅ
ኅዳር 18፣ ከምሽቱ 3፡40

እኔ ጾም ላይ ስላልሆንኩ ልከራከር። ያ ጥቅስ ለእኔ ይከብደኛል። ጻድቅ ሲለምን አይቻለሁ። አባቴ ሰው አላታለሉም፤ በእዳ ነው የሞቱት። እግዚአብሔር ሁሌ ይክሳል ብላችሁ አታስተምሩት። ካልካሰውስ?

መምህር በጡረታ
ኅዳር 19፣ ከጠዋቱ 12፡50

ቆቅ፣ ስለ አባትህ ነፍስ ይማር። ይህ ጥያቄ መድረኩ ላይ መጻፉ ጥሩ ነው።

ዳዊት ያየውን ነው የተናገረው፣ በሽምግልናው ተመልሶ ሲያይ። ኢዮብ ደግሞ ሌላ አይቷል። ሁለቱም ያው መጽሐፍ ውስጥ ናቸው። እኔ ልብ የሚያሳርፈኝ ሦስቱ ወጣቶች ለናቡከደነፆር የመለሱት ነው። አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ። ቀጥለው «ነገር ግን... ባያድነንም» አሉ። ዳንኤል 3፡18። ይህን ሲናገሩ እሳቱ እየነደደ ነው፤ አራተኛው ሰው ገና አልታየም። ዕንባቆምም በለሱ ባያፈራ፣ በጎች ከበረት ቢጠፉ፣ እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል ብሏል። በጎቹ ተመለሱ ብሎ አልጨረሰም።

በእኛ አገር ከሆነ ደግሞ ኦነሲሞስ ነሲብን አስባለሁ። በልጅነቱ ተሽጦ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ የኦሮሞ ልጅ ነው። ወንጌልን ይዤ ወገኖቼ ጋ ልግባ ብሎ ደጋግሞ ተነሳ። መንገዱ ደጋግሞ ተዘጋበት። በዚያ በተዘጋበት ዘመን ተቀምጦ፣ ከአስቴር ጋኖና ከሌሎች ጋር፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1899 ታተመ። ወለጋ የገባው በ1904 ነው። ፈጥኖ ገብቶ ቢሆን መጽሐፉ ይኖር ነበር? አላውቅም። በየጠዋቱ ግን አንድ ቁጥር ሲተረጉም ነው የምስለው፣ መንገዱ ይከፈት አይከፈት ሳያውቅ።

ጀንፈል
ኅዳር 19፣ ቀን 6፡30

ስለ ቡና ሲወራ ዝም ማለት አልችልም፣ የእንጀራዬ ነገር ነው።

መልኮ ያለውን የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የማያውቅ የለም። እነ 74110፣ እነ 74112 የሚባሉ ዝርያዎችን ገበሬው በቁጥር ነው የሚጠራቸው። 74 ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በፈረንጅ 1974 ነው፣ የተመረጡበት ዓመት። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ ታየ። ፍሬው ገና አረንጓዴ እያለ ይጠቁርና ይረግፋል። ባለሙያዎቹ ምን አደረጉ? በሽታው ባለበት ማሳና ጫካ ውስጥ ገብተው፣ ሌላው ረግፎ እሱ ያልረገፈውን ዛፍ ፈለጉ። የሁለቱ እናት ዛፎች የተገኙት መቱ አካባቢ ነው። በሽታው ባይመጣ ኖሮ ያ ዛፍ ከጎረቤቱ እንደሚለይ ማንም አያውቅም ነበር።

ስብከት አደረግሁት መሰለኝ። እኔ ሰባኪ አይደለሁም፣ ወደ ቁም ነገሩ ልግባ።

የሂርማታ ልጅ፣ ቀይ እሸት እያለቀ ነው፤ የጀንፈል፣ ማለትም ከነቅርፊቱ የደረቀው ቡና፣ ርክክብ ግን ገና ነው። ሚዛን የሚያውቅ እጅ ይፈለጋል። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራትን ጠይቅ፤ ገበሬው የራሱን ሰው ሚዛን ላይ ማቆም ይወዳል። ስትሄድ ለምን እንደወጣህ ደብቀህ አትሂድ። አንዳንዱ ይፈራሃል። ሌላው ደግሞ ለዚሁ ብሎ ይቀጥርሃል። አሥራ ሁለቱንም ቀን ተናገር፤ ቆይቶ መሰማቱ አይቀርም።

ድል ነሺ
ኅዳር 19፣ ቀን 8፡15

ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ማንም አልመለሰም። ወንድሜ፣ ንስሐ ከገባህ ተደምስሷል። ደሙ ይበቃል። ወደ ኋላ አትይ።

ዳዊት ደጋሚ
ኅዳር 19፣ ቀን 8፡50

ይቅርታውስ እሺ። ኪሎውስ? የገበሬው ቡና እኮ በንስሐ አይመለስም።

ዘኬዎስ ጌታን ቤቱ ካስተናገደ በኋላ «አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ነው ያለው። በኦሪቱ፣ ዘሌዋውያን 6፣ ያጭበረበረ ሰው ዋናውን መልሶ አምስተኛ እጅ ይጨምራል። መጀመሪያ ለባለቤቱ ነው የሚሰጠው፤ መሥዋዕቱ የሚመጣው በኋላ ነው። የንስሐ አባትህን አማክር፤ ፕሮቴስታንት ከሆንክ መጋቢህን። ብቻህን አታስላው። ብቻውን የሚያሰላ ሰው ወይ ለራሱ ያደላል ወይ ራሱን ይገድላል።

የሂርማታ ልጅ
ኅዳር 19፣ ከምሽቱ 1፡20

አስልቼው ነበር፣ ሌሊት። በቀን ስድሳ ሰው ቢመጣ፣ ሁለት ሁለት ኪሎ፣ አሥራ ሁለት ቀን። 1,440 ኪሎ እሸት። ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት ነው አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና የሚወጣው፤ ስለዚህ 240 ኪሎ ንጹሕ ቡና መሆኑ ነው። አራት ጆንያ። እኔ አንዱንም ወደ ቤቴ አልወሰድኩም። ግን በእኔ አፍ ነው የተወሰደው።

ሁሉንም መመለስ አልችልም። «ለሻይ» የተባለው ግን እጄ ገብቷል። የተረፈ አለ፣ ለኪራይ ያስቀመጥኩት። ባለቤቴን ጠየቅኋት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ያ ገንዘብ ባለበት ቤት ውስጥ ኪራይ ከፍለን ብንተኛ እንቅልፍ ይወስድሃል?» አለች። ለእኔ መልሱ ይኸው ሆነ።

የሌሊት ተረኛ
ኅዳር 19፣ ከምሽቱ 1፡45

ይህቺን ሴትዮ ሰላም በልልኝ። ሳይታወቅ የዕለቱን ቃል ላኪዋ እሷ ሆናለች።

ጀንፈል
ኅዳር 22፣ ከጠዋቱ 4፡00

ልጁ ጠፋ? ምን ደረሰ?

የሂርማታ ልጅ
ኅዳር 24፣ ከምሽቱ 2፡00

አለሁ። ስልኬ ካርድ አልነበረውም።

ቅዳሜ ሄድኩ። ከመንገዱ ወርጄ በእግር ነው፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። የማውቃቸው አራት ቤቶች አሉ፤ ከእነሱ ስቀንስ ስንት ጊዜ እንደመጡ አስታውሳለሁ። ሦስቱ ጋ ቀላል ነበር። አንዱ ሳቀ። አንዷ ገንዘቡን ተቀብላ በር ዘጋች። አንዱ አላመነኝም፤ ምርጫ ሊወዳደር ነው ወይ ብሎ ጎረቤቱን ጠየቀ።

አራተኛው ሽማግሌ ናቸው፣ ሙስሊም ናቸው፣ አሥር ሰዓት ላይ ከስግደት ሲመለሱ ደረስኩ። ግቢያቸው ውስጥ የቀረ ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል። ዝናብ እየመጣ ስለነበር ሰላምታ ሳንጨርስ ሸራ አብረን ሸፈንን። ከዚያ በረንዳ ላይ፣ በዚያ በሦስት እግሩ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። ሁሉንም። ገንዘቡን ሰጠኋቸው፣ አምስተኛ እጅ ጨምሬ።

ቆጠሩት። ሁለት ጊዜ ቆጠሩት። እኔ «እግዜር ይማርህ» የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። «የጎረቤቶቼስ?» አሉኝ።

የለኝም አልኳቸው። ዝም አሉ። ቡና መጣ፣ ጨው የገባበት። ሁለተኛውን ሲኒ እስክንጨርስ ዝም አሉ። ከዚያ «ገንዘብ ከሌለህ አፍ አለህ» አሉኝ። ሐሙስ ለገበያ ጀንፈል የሚያወጡ ጎረቤቶቻቸው አሉ። ከመውጣታቸው በፊት እቤታቸው እየዞርኩ እንድመዝንላቸው፣ የእያንዳንዱን ኪሎ በወረቀት እንድጽፍላቸው ነው የፈለጉት። ነጋዴው ሲቀንስባቸው ወረቀቱን ያሳያሉ። «ስንት ትከፍሉኛላችሁ» ማለት አልቻልኩም። እሳቸውም አላነሱትም።

ባለቤቴ «በነፃ?» አለችኝ። «ለጊዜው» አልኳት። ኪራዩን ከእህቷ ተበደርን። ማኅበሩ ጋም ጠይቄአለሁ፤ ከገና በኋላ ና ብለውኛል። የእትዬ ምጣድ እንጀራ በየቀኑ እየመጣ ነው። ልጄ ጠርዙን ነው የምትወደው።

የቴሌግራሙን ቃል አጥፍቼዋለሁ፤ ለጊዜው። ጠዋት አንድ መዝሙር ብቻ አነባለሁ፣ ተራው የደረሰውን። ዛሬ ምንም አልተሰማኝም። አነበብኩትና ወጣሁ።

አሁን ግን አንድ ችግር አለብኝ። ሚዛን የለኝም። ባስኩላ አልልም፤ ተንጠልጣይ ሚዛን ያለው ሰው ለሐሙስ ቢያውሰኝ?

ቆቅ
ኅዳር 24፣ ከምሽቱ 2፡20

እኔ ጋ አለ። የአባቴ ነው፣ እስከ ሃምሳ ኪሎ ይይዛል። ግን ብዙ ጊዜ ሳይነካ ስለቆየ ባዶውን መቶ ግራም ያሳያል። ከላይ ያለችውን ብሎን አዙረህ ዜሮ ላይ አምጣት። መጀመሪያ ሱቅ ውስጥ አንድ ኪሎ ስኳር ሰቅለህ ሞክረው።

ረቡዕ ማታ ና ውሰደው። ወይ እኔ ራሴ ሐሙስ ጠዋት ይዤው ልምጣ። ወረቀቱን የሚጽፍ ሰው ያስፈልግሃል አይደል?